ከልጁ አስቀድሞ ወላጁ ቋንቋ ይማር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የአዲሱ የትምህርት ዘመን ምዝገባ በተጀመረ ቁጥር በከተማችን መስማት የተሳናቸውን ልጆች ስለ ማስተማር ይነገራል። ስንት ልጅ እንደ ተመዘገበ፣ መምህር እንዳነሰ፣ መጽሐፍ እንዳልደረሰ በስብሰባም በመገናኛ ብዙኃንም ይወሳል። መወሳቱ ደግ ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ከሰማሁትና ካነበብሁት ውስጥ፣ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ከመድረሱ በፊት ስላሉት ዓመታት፣ በእነዚያም ዓመታት አብረውት ስለሚኖሩት ወላጆች፣ አያቶችና ወንድም እህቶች የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እነዚያ ዓመታት ነው።

እኔ በባሕር ዳር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ ቋንቋ መምህርት ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት የሞላው፣ መስማት የተሳነው ልጅ እናትም ነኝ። የምለውም አንድ ነገር ነው። መስማት የተሳነው ልጅ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ቤቱ ነው፤ የቤቱ ሰዎች እሱን የሚያናግሩበት ቋንቋ ከሌላቸው ግን ከዚያ በኋላ የሚደረግለት ሁሉ ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ስለዚህ ለልጁ የምናስበው ድጋፍ ለወላጆቹና ለቤተሰቡ የምልክት ቋንቋ ከማስተማር ይጀምር።

ልጄ አንድ ዓመት ተኩል ሲሞላው፣ አንድ ጠዋት እንጀራ ስጋግር የምጣዱ ክዳን ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ወለል ላይ ወደቀ። ጓዳ ጋደም ብለው የነበሩት አማቴ ደንግጠው ወጡ። ልጄ ግን ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ሲጨምር ነበርና ቀና እንኳ አላለም። ጣሳውን አንሥቶ ያንቀጫቅጨዋል፤ የሚያስደስተው ግን ጠጠሩ ሲዘል ማየት እንጂ ድምፁ እንዳልነበረ ያን ቀን ገባኝ። ልቤ ያወቀውን አፌ እስኪናገረው ድረስ ሌላ አንድ ዓመት አለፈ። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ይሉኛል ጎረቤቶቼ። «አባቱም እኮ በሦስት ዓመቱ ነው የተናገረው» ይላሉ አማቴ። ሁሉም ሊያጽናናኝ የሚለው ነበር፤ እኔም መጽናናቱን ስለ ፈለግሁት ተቀበልሁት። ጸበልም ወሰድነው፤ ዛሬም እንወስደዋለን። እንዲያውም «ወደ ሐኪም ዘንድም ውሰጂው ልጄ፣ ሁለቱ አይጣሉም» ብለው የመከሩኝ በጸበሉ ቦታ ያገኘኋቸው አንድ አባት ናቸውና እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ሦስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ተመረመረ። ስሙን ልጠቅሰው በማልፈልገው የሕክምና ተቋም የመረመሩት ባለሙያ፣ መስመሮች የተሣሉበት ወረቀት ሰጡኝና «እናት፣ ልጅሽ በሁለቱም ጆሮው አይሰማም። ሰባት ዓመት ሲሞላው መስማት የተሳናቸው ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት አስገቢው። እስከዚያ በእጅ ማውራት እንዳታስለምዱት፤ ከለመደ ለመናገር ይሰንፋል» አሉኝ። ከዚያም ቀጣዩ ታካሚ ተጠራ። ባለሙያውን ክፉ ሰው ነበሩ አልልም፤ በበራቸው ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ አይቻለሁና። ነገር ግን ወረቀቱን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ፣ ልጄን አዝዬ ከግቢው ስወጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር በጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው። ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ አራት ዓመት አለ፤ በእነዚህ አራት ዓመታት ከዚህ ልጅ ጋር በምን እናወራለን? ይህን ጥያቄ የምጠይቀው ሰው አልነበረም። መልስ የሚሰጥ መሥሪያ ቤትም፣ የተጻፈ አንዲት ገጽ ወረቀትም አላገኘሁም።

በእነዚያ ዓመታት ቤታችን ውስጥ የሆነውን በዝርዝር ባልተርከው እወድ ነበር፤ ሆኖም አንዱን ልናገር። ልጄ አምስት ዓመቱ ሳለ ባለቤቴ ለሥራ ጉዳይ ወደ ጎንደር ሄዶ ሁለት ወር መቆየት ነበረበት። የሚሰማ ልጅ ቢሆን «አባባ ሥራ ሄዷል፣ ለበዓል ይመጣል» ተብሎ ይነገረዋል፤ አልቅሶም ቢሆን ይቀበለዋል። ለእሱ ግን ይህን የምንነግርበት መንገድ አልነበረንም። በእጄ በሩን አሳየሁት፤ በሩን ከፈተና ተመለከተ፤ አባቱ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአባቱን ነጠላ ጫማ ታቅፎ ከበሩ ሥር መተኛት ጀመረ። ጫማውን ስንወስድበት ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። «ልጁ ባሕርዩ ከፋ» አልን፤ ተቆጣነውም። ምን እያሰበ እንደ ነበር ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ቋንቋ ካገኘ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ሌላው አያቱ ዐርፈው ነበር። ሰዎች ተሸክመዋቸው ከቤት ሲወጡ አይቷል፤ ከዚያ በኋላ እንዳልተመለሱም አይቷል። ስምንት ዓመት ሲሆነው፣ አንድ ማታ እራት በልተን ስንጨርስ በእጁ እንዲህ አለኝ፤ «አባባ ያን ጊዜ ጫማውን ትቶ ሲሄድ እንደ አያቴ ሞቷል ብዬ ነበር። እናንተ ለምን እንደማታለቅሱ አልገባኝም ነበር።»

ይህን ያህል ሐዘን በአንድ የአምስት ዓመት ሕፃን ላይ የተጫነው ባለመስማቱ አልነበረም፤ እኛ የምናናግርበት ቋንቋ ስላልነበረን ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አለመስማቱን ማናችንም ልናስቀርለት አልቻልንም፤ ዝምታውን ግን ልናስቀርለት እንችል ነበር።

በእኛ ቤት የሆነው በእኛ ብቻ የሆነ አይደለም። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከመቶው ከ90 የሚበልጡት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ይህ ማለት አብዛኛው ልጅ ቋንቋውን ከማያውቁ ሰዎች መካከል ይወለዳል ማለት ነው። አማርኛችን «አፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚለው ልጅ በእናቱ እቅፍ ሳለ ማንም ሳያስተምረው የሚቀስመውን ነው፤ የሚቀስመውም በዙሪያው ስለሚነገር ነው። በዙሪያው የሚነገረው የማይደርሰው ልጅ ከማን ይቅሰም? የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ክርስቲን ዮሺናጋ-ኢታኖና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ አለመስማታቸው ስድስት ወር ሳይሞላቸው ታውቆ ቤተሰባቸው ድጋፍ የጀመረላቸው ልጆች፣ ዘግይተው ከተለዩት ይልቅ የቋንቋ ችሎታቸው በጉልህ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት መመሪያም ይህንኑ የተከተለ ነው፤ ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ወር ውስጥ የመስማት ምርመራ ይደረግለት፣ በሦስት ወሩ ውጤቱ ይረጋገጥ፣ በስድስት ወሩ ለእሱና ለቤተሰቡ ድጋፍ ይጀመር ይላል። የመጀመሪያው ምርመራ ሕፃኑ እንደ ተኛ ጆሮው ውስጥ ትንሽ ማስገቢያ አድርጎ በደቂቃዎች የሚያልቅ ነው። የእኔ ልጅ ሠላሳ አራት ወር ሞልቶት ነበር የተመረመረው፤ ድጋፍ የሚባለው ደግሞ ከዚያም በኋላ አልመጣም።

«በእጅ ማውራት እንዳታስለምዱት» የሚለውን ምክር ዛሬም የሚሰሙ ወላጆች አሉና ስለ እሱ ጥቂት ልበል። ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 በጣሊያኗ ሚላን ከተማ የተሰበሰቡ፣ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራን፣ አብዛኞቹም የሚሰሙ ሰዎች፣ የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤቶች እንዲወጣና ልጆቹ በንግግር ብቻ እንዲማሩ ወሰኑ። ውሳኔው በብዙ አገሮች ለትውልዶች ጉዳት አድርሷል። ከ130 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ ቫንኩቨር የተካሄደው የዚያው ጉባኤ ተከታይ ስብሰባ የሚላንን ውሳኔ ውድቅ አድርጎ ጸጸቱን ገልጿል። በእጁ የሚያወራ ልጅ ለመናገር አይሰንፍም፤ ይልቁንም ቋንቋ ምን እንደሆነ ያወቀ ልጅ ሁለተኛውን ለመማር መሠረት ያገኛል። የቋንቋ መምህርት ሆኜ ይህን ሳላውቅ በመቅረቴ ዛሬም አዝናለሁ። አሜሪካዊው ዊሊያም ስቶኪ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በእኛም አገር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እኔ ግን ልጄ አምስት ዓመት እስኪያልፈው ድረስ የምልክት ቋንቋ ማለት እጅን እያወዛወዙ መግባባት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አለማወቅ ያወጣኝ አንድ ወጣት ነው። በእንጨት ሥራ የሚተዳደር፣ ራሱም መስማት የተሳነው ሲሆን፣ የባልደረባዬ ጎረቤት ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ቤታችን ሲመጣ ልጄን አቀረብሁለትና እኔ ቡና ላፈላ ወደ ጓዳ ልገባ ስል ጠራኝ፤ ከኪሱ ደብተር አውጥቶም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፤ «መምህርት፣ የማስተምረው እርስዎን ነው። ልጁ ከእኔ ጋር በወር ይይዘዋል፤ እኔ ስሄድ ግን የሚያናግረው እርስዎ ነዎት።» ቡናው ቀረና ተቀመጥሁ። ባለቤቴም፣ አማቴም፣ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጄም ተቀመጡ።

ፊደል ማስተማር ሥራዬ ስለሆነ በጣም የገረመኝ ነገር የእጅ ፊደላችን ነው። ለእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ሆሄያት ደግሞ ቅርጹ እንዳለ ሆኖ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። የ«በ»ን ቅርጽ ያወቀ ሰው እንቅስቃሴዎቹን ከያዘ «ቡ»ን እና «ቢ»ን አብሮ ያውቃል ማለት ነው። ይህ ከውጭ እንዳለ የመጣ ሳይሆን ለራሳችን ፊደል ታስቦ የተሠራ ነው። ልጄ የራሱን ስም በጣቶቹ የጻፈበትን ቀን፣ የእኔን ደግሞ ጠይቆ እጄን በእጁ ይዞ ቅርጹን ሲያስተካክልልኝ የነበረውን ከቶ አልረሳውም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አማቴ ሁለት ደርዘን ያህል ምልክቶች ተምረዋል፤ «ብላ»፣ «ና»፣ «ቆሻሻ ነው»፣ «አይዞህ»፣ «የኔ ልጅ» ማለት ይችላሉ፤ ከእነዚህም ጋር ብዙ ያወራሉ። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ በሰው ፊት እጁን ማንቀሳቀስ ያፍር ነበር። ባጃጅ ውስጥ ልጁ ሲያናግረው «ቆይ፣ ቤት ስንደርስ» ይለው ነበር። አሁን ግን መላው መንገደኛ እያያቸው ይጨቃጨቃሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በክረምት፣ እሑድ ከሰዓት በጣና ዳር ስንሄድ ልጄ ውኃውን አሳይቶኝ የመጀመሪያውን «ለምን» ጠየቀኝ። «ባለፈው ሰማያዊ ነበር፤ አሁን ለምን ደፈረሰ?» ዝናቡ ከየተራራው አፈሩን አጥቦ በወንዞቹ እንደሚያመጣው ነገርሁት። እህቱ ይህን በሦስት ዓመቷ ትጠይቅ ነበር፤ እሱ ስድስት ዓመት አልፎታል። የጠየቀው በእኔ ፊት በመሆኑ ደስ አለኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጥያቄው በውስጡ ተዘግቶ መቆየቱ ግን ከሐዘን ሌላ ምንም አይባልም።

እስካሁን የጻፍሁት ፈጽሞ ስለማይሰሙ ልጆች ነው። በጥቂቱ የሚሰሙት፣ ማለትም የመስማት ችሎታቸው የቀነሰው፣ በሌላ በኩል ይቸገራሉ፤ የእነሱም ቤተሰብ ከእኛ ባላነሰ ብቻውን ነው። ለአንዲት የማውቃት እናት ሴት ልጅ የማዳመጫ መሣሪያ በበጎ አድራጊዎች ተገኝቶላታል። መሣሪያው ሲሰጣት ፎቶ ግራፍ ተነሣ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ጆሮዋ ውስጥ የሚገባው ክፍል ግን በጆሮዋ ልክ ተቀርጾ የተሠራ ነው። ልጅ ያድጋል፤ ጆሮውም አብሮ ይሰፋል። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ማስገቢያው ልል ሆነና መሣሪያው ማፏጨት ጀመረ። ልጅቷ በክፍል ውስጥ ሁሉ ዞሮ ስለሚያያት አውልቃ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ባትሪውም አለቀ፤ የት እንደሚገዛም በምን ያህል ጊዜ እንደሚቀየርም ለእናቷ የነገራት ሰው አልነበረም። አሁን መሣሪያው በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። መምህሮቿም «ትሰማለች እኮ፤ ስጠራት ትዞራለች» ይላሉ። አንድ ለአንድ፣ ፊት ለፊት፣ ጸጥ ባለ ቦታ ትሰማለች፤ ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ሲናገር፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን ሲመታው ግን የምትሰማው የለም። መሣሪያ የሚሰጥ ሁሉ የሚከታተል ሰው አብሮ ቢመድብ፣ ካልቻለም ለእናቷ ግማሽ ቀን ሥልጠና ቢሰጥ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ሣጥን ውስጥ አይቀርም ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ግን ከከተማ ውጭ ያሉት ናቸው። ከዘጌ፣ ከደቅና በሐይቁ ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳር የሚመጡ ወላጆችን በየጊዜው አገኛለሁ። አንዷ እናት ከዘጌ በጀልባ መጥታ፣ ልጇ እንዲማር ብላ እዚሁ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይታ ቡና እየሸጠች ትኖራለች፤ ባሏና ሌሎቹ ልጆቿ እዚያው ቀርተዋል። ይህን ማድረግ የማይችሉት ደግሞ ልጁን ከዘመድ ዘንድ ያስቀምጡታል። ልጁ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ያገኛል፣ ጓደኛ ያገኛል፣ ይሥቃል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ሰኔ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እዚያ ግን አንድም ሰው ቋንቋውን አያውቅም። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ከብት እየጠበቀ፣ ቤተሰቡ ዙሪያውን ከቦ ሲያወራና ሲሥቅ እያየ ይከርማል። አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ «ክረምትን አልወድም» ሲለኝ ዝናቡን የጠላ መስሎኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ያስተማረው ልጁን ብቻ ስለሆነ፣ ልጁ በተማረ ቁጥር ከቤቱ እየራቀ ሄደ። ይህ የትምህርት ቤቱ ጥፋት አይደለም፤ ወላጆቹን ያስታወሰ አሠራር ባለመኖሩ ነው።

ይህን ስጠይቅ ምጽዋት እየጠየቅሁ አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለመርዳት በጀት እንዲመድብ ይደነግጋል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ በአንቀጽ 23 አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች እንዳይደበቁ፣ እንዳይጣሉና ችላ እንዳይባሉ፣ ለእነሱም ለቤተሰቦቻቸውም መረጃ፣ አገልግሎትና ድጋፍ በጊዜው እንዲሰጥ ያስገድዳል። «ለቤተሰቦቻቸውም» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። በአንቀጽ 24 ደግሞ የምልክት ቋንቋ መማር እንዲመቻችና ቋንቋውን የሚያውቁ መምህራን፣ ራሳቸው አካል ጉዳት ያለባቸው ጭምር፣ እንዲቀጠሩ ይላል። እኛ ወላጆች ይህን የምናውቀው ስንፈልገው ነው እንጂ ማንም ነግሮን አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አብዛኛው ነገር አዲስ ሕንፃም ሆነ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እያንዳንዷ እናት ልጇን ለክትባት ይዛ ትሄዳለች፤ በዘጠነኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት ስትመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ «ስሙን ሲጠሩት ይዞራል? በር ሲጋጭ ይደነግጣል?» ብላ ሁለት ጥያቄ ጠይቃ በካርዱ ላይ ብትጽፍ፣ የእኔ ዓይነት ቤት ከሁለት ዓመት በላይ ያተርፍ ነበር። ከከባድ የማጅራት ገትር ሕመም የዳነ፣ ሲወለድ የታፈነ ወይም ብርቱ ቢጫነት የነበረበት ሕፃን ሁሉ ደግሞ ሳይጠየቅ ለምርመራ ይላክ። የጆሮ መግል ሲፈስ ዘይትና የቅጠል ጭማቂ መጨመር እንዲቀር ማስተማርም የዚሁ ሥራ አካል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 ከመቶ ያህሉ መከላከል በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው ይላልና።

ከምርመራው በኋላ ያለችው ሰዓት ግን ዋናዋ ናት። «ልጅሽ አይሰማም» የተባለች እናት ከዚያ ክፍል ስትወጣ በሩ ላይ የምታገኘው ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው ሐኪም መሆን የለበትም። መስማት የተሳነው፣ ተምሮ ራሱን የቻለ ሰው ቢሆን፣ ወይም ይህን መንገድ ያለፈች ሌላ እናት ብትሆን ይበቃል። እኔ ያን ቀን የልጄን የወደፊት ሕይወት ማሰብ አልቻልሁም ነበር፤ ምክንያቱም በሕይወቴ መስማት የተሳነው፣ ሚስት አግብቶ፣ ሥራ ይዞ፣ ግብር የሚከፍል ሰው አላወቅሁም ነበርና። ያን ወጣት አናጢ በዚያ በር ላይ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ ሦስቱ ዓመታት ባልጠፉብኝ።

የምልክት ቋንቋ ትምህርቱም ለወላጆች በየክፍለ ከተማው፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ሕፃናቱን ይዘው በሚመጡበት ሁኔታ ይሰጥ። አስተማሪዎቹ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ይሁኑ፤ የድካማቸውም ዋጋ በደመወዝ ይከፈላቸው። እኛን ያስተማረን ወጣት በየቅዳሜው የቀን ገቢውን ትቶ ነው የሚመጣው፤ እኛ የትራንስፖርቱንና የምሳውን ብቻ ነው የምንችለው፤ አንድ ከተማ በአንድ ሰው ደግነት ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር አይገባም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያጠኑ ተማሪዎች አሉ፤ የተግባር ልምምዳቸውን በከፊል በእነዚህ የቅዳሜ ክፍሎች ቢያደርጉት ለእነሱም ለእኛም ይጠቅማል። በክረምት ደግሞ አንድ አስተማሪ ለሁለት ለሁለት ሳምንት በሐይቁ ዙሪያ ወዳሉት ቀበሌዎች ቢሻገር፣ የልጁ ወላጆች፣ ወንድሞቹና እህቶቹ ሃምሳ ምልክት ቢማሩ፣ ያ «ክረምትን አልወድም» ያለኝ ልጅ ለከርሞ ከቤቱ ሰው ጋር ይጫወታል። መኖሩን ያልሰማ ወላጅ አይመጣምና በየዕድሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ይነገር፤ በጓዳ የተደበቀ ልጅ እንዳለ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነዚህ ናቸው።

ለጋዜጣችሁም አንድ ልመና አለኝ። በአማርኛችን «ደንቆሮ» የሚለው ቃል «የማይሰማ» ማለትም፣ «የማያውቅ» ማለትም ሆኖ ቆይቷል። ሰዎች አላዋቂን ሲሰድቡ በርእሰ አንቀጽ ሳይቀር ይጠቀሙበታል። ልጄ ማንበብ ከጀመረ ወዲህ ጋዜጣ ሁሉ ያነባል፤ አንድ ቀን ይህን ቃል በጣቱ እያመለከተ ትርጉሙን ጠየቀኝ። አማርኛ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ አንድን ቃል መተርጎም እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23፣ በእኛ መስከረም 13 ቀን ገደማ፣ ዓለም አቀፍ የምልክት ቋንቋዎች ቀን ይከበራል፤ በዚያ ሳምንት የእጅ ፊደላችንን ሥዕል በአንድ ገጽ ብታወጡልን በየቤታችን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

እስከዚያው ድረስ የጀመርነውን ላሳውቅ። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሎቹ ባዶ ናቸውና ርእሰ መምህራችን አንዱን ፈቅደውልናል። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የአምስት ቤተሰብ ሰዎች እዚያ እንሰበሰባለን። ወንበሮቹን በረድፍ ሳይሆን በክብ ነው የምናስቀምጣቸው፤ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው እጅ አይታይምና። ክፍሉ ሃያ ሰው በደንብ ይይዛል። ስልኬንና አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍላችሁ ትቻለሁ፤ ልጁ አይሰማም የተባለ ወላጅ ቢደውልላችሁ፣ በዚያው ዕለት እንድትሰጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት የአማርኛ መምህርት
ባሕር ዳር